ሎርድ ባይረንና አባ ጎርጎርዮስ፦ የሁለት የመዳብ ሥዕሎች ነገር

ለዚህች አጭር ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ አንድ አሮጌ ሥዕል ነው። የምኖረው ኦስሎ ውስጥ ብሪን በሚባለው ሰፈር፣ ከአልና ወንዝ ብዙም ሳልርቅ ነው። ባለፈው ጥቅምት ቤት የሚለቁ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ሊጥሉት ያወጡትን ባለመስተዋት ሥዕል «ከፈለግኸው ውሰደው» ብለው ሰጡኝ። በጥቁር ቀለም የታተመ የአንድ ወጣት መልክ ሲሆን ከሥሩ «ሎርድ ባይረን» ይላል። ልጄ አየችውና «አባዬ፣ የእኛ ሰዎችስ እንዲህ ያለ ሥዕል አላቸው?» አለችኝ። አላቸው፤ ታሪኩ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል።

ውድ አንባቢያን፣ ፎቶግራፍ ከመምጣቱ በፊት በኤውሮፓ የሰው መልክ ከአገር አገር የሚዞረው ባብዛኛው በመዳብ ቅርጽ ነበር። ቀራጩ በለሰለሰ የመዳብ ገበታ ላይ በስል ብረት መስመሮችን ይፈለፍላል፤ ቀለም ይቀባውና ላዩን ሲጠርገው ቀለሙ በተፈለፈለው ውስጥ ብቻ ይቀራል። ከዚያም እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በማተሚያው ሲጨመቅ ወረቀቱ ቀለሙን ስቦ ያወጣዋል። ሥራው አድካሚና ገንዘብ የሚጠይቅ ስለነበረ ማንም ተነሥቶ አይቀረጽም። ባይረን እ.ኤ.አ. በ1798፣ ገና በ10 ዓመቱ፣ የሎርድነት ማዕረግ ወረሰ፤ በ1812 ደግሞ በግጥሙ ስሙ ገነነ። በ1824 ለግሪኮች ነጻነት ሊታገል ሄዶ እዚያው በበሽታ ሞተ። ባላባትም ባለቅኔም ስለነበረ መልኩ ደጋግሞ መቀረጹ አያስደንቅም።

የእኛው ሰው አባ ጎርጎርዮስ ይባላሉ። የአማራ ሰው፣ የመካነ ሥላሴ ተወላጅና የባላባት ዘር ናቸው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያን ወገን ስለነበሩ፣ አፄ ፋሲል የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ካቶሊኮቹን ሲያባርሩ እሳቸውም ከአገር ወጡ። በዛሬው አነጋገር ወገናቸው የተሸነፈባቸው ስደተኛ ነበሩ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮማ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ የሐበሾች ማረፊያ ሳሉ ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል የ25 ዓመት ጀርመናዊ መጣባቸው። ግእዝን ከመጻሕፍት ተምሮ ነበርና መምህር ፈለገ። በ1652 መስፍን ኤርንስት ጋብዘዋቸው አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ሄዱ። ስለ አገራቸው፣ ስለ ቋንቋውና ስለ ሕዝቡ ተጠየቁ፤ መለሱም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በግእዝ ይጻጻፉ ነበር። በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ መርከባቸው ሰጥማ አባ ጎርጎርዮስ ሞቱ።

ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የዚህኑ ማብራሪያ በ1691፣ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1698 አሳተመ። ኤሊያስ ክሪስቶፍ ሃይስ የቀረጸው የአባ ጎርጎርዮስ ሥዕል የወጣው በ1691 ነው፤ ማለትም ሰውየው በሞቱ በ33ኛው ዓመት። ስለዚህ ቀራጩ ፊት ለፊት ተቀምጠው አልተቀረጹም።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የባይረን መልክ የሚቀመጠው በራሱ መጽሐፍ መግቢያ ነው። የአባ ጎርጎርዮስ መልክ ግን ያለው በሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ከእኛ መካከል «ሉዶልፍ እውቀታችንን ሰረቀን» የሚል አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰውየው የመምህሩን ስም አልደበቀም፤ መልካቸውንም ለዓለም አሳይቷል። በዚያን ጊዜ ይህን ለአንድ አፍሪካዊ ስደተኛ ማድረግ ቀላል ነገር አልነበረም። ስማቸውን የጣልነው እኛው ነን። በየጽሑፋችን «ሉዶልፍ እንዳለው» እንላለን እንጂ «አባ ጎርጎርዮስ እንዳስተማሩት» የሚል ስንቱ ነው?

ይህ ነገር የሚከነክነኝ ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ኖርዌይ እንጀራዬ አስተርጓሚነት ነው። አንድ ጊዜ ስለ አገራችን ለሚያጠና ሰው ለሳምንታት ቃል በቃል እየተረጐምኩ፣ የነገሩንም ወግ እያስረዳሁ ሠራሁ። ጽሑፉ ሲወጣ እኔ የተጠቀስኩት «አስተርጓሚ» ተብዬ ነው፤ ስም የለኝም። ከ300 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄጄ ሳስተያየው ሉዶልፍ የተሻለ ሰው ሆኖ አገኘሁት።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ አበው። አባ ጎርጎርዮስን ባሕር ስለበላቸው የመቃብራቸው ምልክት እንኳ የለም፤ ስማቸውን ከውኃ በላይ ያዋለው ያ የመዳብ ገበታ ነው። በውጭ አገር በየዩኒቨርሲቲው ስለ ኢትዮጵያ የምትጽፉ ወገኖቼ፣ ያስተማራችሁን ገበሬ፣ የቅኔ መምህርና የገጠር ሽማግሌ፣ ፈቃዱ እስከሆነ ድረስ፣ በስሙ ጥሩት። ሌላው እንዲያደርግልን የምንጠይቀውን እኛ ካልጀመርነው ክሳችን ሚዛን አይደፋም።

የአባ ጎርጎርዮስን ሥዕል ቅጂ አሳትሜ ከባይረን ጎን ሰቅዬዋለሁ። ልጄ ከሥሩ ስማቸውን በፊደላችን ጽፋበታለች።

ቸር ይግጠመን።