"ኖ ሲግናል" ያለ ስክሪን ሁሉ አልሞተም

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከለቀቀ ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር አሽቆልቁሏል። ከውጭ ለሚገባ የኮምፒውተር ዕቃ የሚከፈለው ብርም በዛ። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሊከፍት ያሰበ ሰው ያገለገለ ስክሪን ቢያማርጥ አይፈረድበትም።

በምሥራቅ ጎጃም፣ የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ቁይ ለሚሠራ ነጋዴ ግን ግዥው ሌላም ሒሳብ አለው። አዲስ አበባ የተገዛ ስክሪን ዓባይን ተሻግሮ ደርሶ አልሠራም ካለ፣ መልሶ መላኩ የመኪና ሒሳብና የሥራ ቀን ይበላል። እዚያው ልሽጠው ቢልም ደላላው ጥቁር መስታወት አይቶ "ይኼማ ሞቷል" ካለ በቁራሌው ዋጋ መሄዱ ነው።

ነገር ግን "ኖ ሲግናል" የሚል ጽሑፍ ያወጣ ስክሪን ጽሑፉን ማሳየት ችሏልና ፓነሉና የውስጥ መብራቱ ይሠራሉ። የቀረው ከኮምፒውተሩ የሚመጣው ምስል ነው። ገመዱ ጠብቆ መግባቱ፣ ስክሪኑም በራሱ ቁልፍ ትክክለኛውን መግቢያ፣ ቪጂኤን ወይም ኤችዲኤምአይን፣ መምረጡ ይታይ። ኮምፒውተሩ የተለየ የቪዲዮ ካርድ ካለው ገመዱ የሚሰካው ካርዱ ላይ ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ የሰካ ሰው ብዙ ጊዜ ጨለማ ያያል።

ምስሉ መጥቶ ፊደሉ ከተለቀ ወይም ከተለጠጠ ጉዳዩ ሌላ ነው። ስክሪን ምን ያህል ሪዞሉሽን እንደሚችል ለኮምፒውተሩ ራሱ ይናገራል። ኢዲአይዲ የተባለው ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ሲሆን፣ በቪጂኤ ገመድ መልእክቱ የሚያልፈው ከ15ቱ ፒኖች በ12ኛውና በ15ኛው ነው። ርካሽ ገመድ እነዚህን ሽቦዎች ሊያጎድል፣ ፒኑም ሊጣመም ይችላል። ያን ጊዜ ምስሉ ይመጣል፤ ዊንዶውስ ግን የስክሪኑን ማንነት ስለማያውቅ በ1024 በ768 ወይም በዚያ አካባቢ ይወሰናል። ስክሪኑ 1920 በ1080 ከሆነ ፊደሉ ይደበዝዛል። ቀኑን ሙሉ ማመልከቻ ሲተይብ ለሚውል ዓይን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የገመድ ዋጋ ደግሞ ከስክሪን ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ዊንዶውስ አዲስ በተጫነበት ኮምፒውተርም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ "ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር" የሚል ከተገኘ የቪዲዮው ድራይቨር አልገባም ማለት ነው፤ ኢንተርኔት ለማይጨበጥበት ቀን ድራይቨሩን በፍላሽ ይዞ መሄድ ይበጃል። ሪዞሉሽን ሲቀየር "አውት ኦፍ ሬንጅ" ካለ ስክሪኑ ከአቅሙ በላይ ታዟል። ምንም ሳይነኩ 15 ሰከንድ ያህል ቢታገሡ ዊንዶውስ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል።

ብዙ ገዢ የሚሞኘው በመቀየሪያው ነው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚወስደው ዕቃ ውስጡ ቺፕ ከሌለው አይሠራም። ቺፕ ያለውም ከኮምፒውተሩ ኤችዲኤምአይ ወደ ስክሪኑ ቪጂኤ እንጂ በተገላቢጦሽ አያስኬድም።

ስክሪኑ ሱቅ ውስጥ መብራቱ ብቻ አይበቃም። ከኮምፒውተር ጋር አሰክቶ ሙሉ ሪዞሉሽኑን አስወጥቶ ማየት ያስፈልጋል። የተፈተነበትንም ገመድ አብሮ ጠይቆ መውሰድ ነው።