የሆድ ሕመም ዳፍንት ሲያስከትል

የስኳር ድንች ሐረግ አተካከል ለመመልከት ሲዳማ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ቀበሌ ወርደን ሳለ ያጋጠመን ጉዳይ ከእርሻው ይልቅ የጤና ሆኖ አገኘነው። የአምስት ዓመት ያህል ልጅ ፀሐይ ስትጠልቅ የበሩን መቃን በእጁ እየዳሰሰ ይገባል። አያቱ እንደነገሩን፣ ቀን ደህና ያያል፤ ሲመሽ ግን ጥጃውን ከጉቶ አይለይም። ጎረቤት ቡዳ ነው ይላል። ስለ ሆዱ ስንጠይቅ ከክረምቱ ወዲህ ተቅማጥ ሲመላለስበት እንደከረመ፣ በዚሁ ምክንያት ቅባት ያለው ምግብ ሁሉ እንደተከለከለ ሰማን።

ነገሩ የሚያያዘው እዚህ ላይ ነው። ዓይን በድንግዝግዝ ለማየት ቫይታሚን ኤ ያስፈልገዋል። ይህ ቫይታሚን በቅባት የሚሟሟ በመሆኑ በቀጭን አንጀት በኩል ወደ ሰውነት የሚገባው ከቅባት ጋር ነው። አንጀት በተቅማጥ፣ በጃርዲያ ወይም በወስፋት ሲታወክ ቫይታሚኑ በሚገባ ሳይመጠጥ ያልፋል። በጉበት የተጠራቀመው ለጊዜው ያቆያል፤ እሱም ሲመናመን ዳፍንት ይመጣል። ቀጥሎ ነጩ የዓይን ክፍል ይደርቃል፣ አረፋ የመሰለ ነጠብጣብም ይታይበታል። እስከዚህ ያለው በሕክምና ይመለሳል። በዓይኑ ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ከቆሰለ ግን ጠባሳው ይቀራል። ኩፍኝ ከተጨመረበት ደግሞ ዓይኑ በጥቂት ቀናት ሊጠፋ ይችላል።

በመሆኑም ዳፍንት የታየበት ልጅ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። እዚያ የቫይታሚን ኤ እንክብል በልኩ ይሰጠዋል፤ በልኩ የምንለው ሲበዛ ስለሚመርዝ ነው። ደህና ለሆኑ ሕፃናትም ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ዕድሜያቸው በየ6 ወሩ ይሰጣል።

አያቱ የተከራከሩን በቅባቱ ጉዳይ ነበር። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ኦ አር ኤስ እየጠጣ ምግቡ ሊቀጥል ይገባል እንጂ ሊቋረጥ አይገባም። ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ካላለባቸው ጥቅማቸው ይቀንሳል። እንቁላልም ቢሆን ሁሉም ለገበያ ባይወጣ መልካም ነው። እኛ ልናየው የሄድነው ስኳር ድንችም ለዚሁ የሚበጅ ነው፤ ኩልፎና ቱላ የተባሉት ዝርያዎች ውስጣቸው ብርቱካንማ ሲሆን፣ ቀለሙን የሚሰጣቸውን ነገር ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ነጩ ስኳር ድንች ሆድ ይሞላል እንጂ ይህ የለውም ማለት ይቻላል።

ልጁ በማግስቱ ጠዋት ከአጎቱ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ። እኛ ስንነሳ አያቱ ከጎመኑ መደብ አጠገብ ለሐረጉ የሚሆን መሬት ያስቆፍሩ ነበር።