ልጆቻችን በየትኛው ቋንቋ ይጀምሩ?

  

ቦንጋ ውስጥ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሱልን ጥያቄ አለ፦ «ልጄ ገና አምስት ዓመቱ ነው። በካፊ ኖኖ ቢጀምር ነገ አማርኛና እንግሊዝኛ አይከብደውም ወይ?» ስጋቱ ይገባናል። ሆኖም ነገሩን ረጋ ብለን እንየው።

ማንበብ ማለት ፊደልን ከድምፅ፣ ድምፅን ከሚታወቅ ቃል ጋር ማገናኘት ነው። በቤቱ ካፊ ኖኖ የሚናገር ሕፃን በቋንቋው ሲያነብ ቃሉን ወዲያው ይለየዋል። በማያውቀው ቋንቋ ከሆነ ግን ድምፁን ያወጣል እንጂ ትርጉሙ አይገባውም። ቁርኣንን ትርጉሙን ሳያውቁ መቅራት እንኳ አጅር አለው፤ ሒሳብን ሳይረዱ መሸምደድ ግን ምንም አይጠቅምም።

እኛም በመድረሳ ተሳስተን እናውቃለን። አንድ ልጅ ስለ ውዱእ በአማርኛ ጠይቀነው ዝም ቢለን ሰነፍ ነው አልን። ጓደኛው በካፊ ኖኖ ሲጠይቀው ግን እጁን፣ አፉን፣ አፍንጫውን፣ ፊቱን እያሳየ እስከ እግሩ ድረስ በቅደም ተከተል ተናገረ። ያልገባው ትምህርቱ ሳይሆን የኛ ቋንቋ ነበር።

በሱረቱ ኢብራሂም አንቀጽ 4 አላህ መልክተኞቹን በየሕዝባቸው ቋንቋ የላከው እንዲያብራሩላቸው መሆኑን ይነግረናል። በሱረቱ ሩም አንቀጽ 22 ደግሞ የቋንቋዎቻችን መለያየት ከታምራቱ መሆኑን እንማራለን። ታዲያ የልጅን ቋንቋ መናቅ ከየት የመጣ ነው?

ይህ ማለት አማርኛ ይቅር ማለት አይደለም። በ1986 ዓ.ል. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰብ ቋንቋዎች እንዲሰጥ ሲፈቅድ፣ አማርኛ የአገር አቀፍ መግባቢያ ሆኖ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። በ2014 የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሥራ ቋንቋም አማርኛ ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዘይድ ኢብን ሳቢትን (ረ.ዐ) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘውታል። ሌላ ቋንቋ መጨመር ጥቅም ነው፤ ግን በጸና መሠረት ላይ ይሁን።

የኛ ልጆች ሌላም ሸክም አለባቸው። ካፊ ኖኖ በላቲን፣ አማርኛ በፊደላችን፣ ቁርኣን በዐረብኛ ይጻፋል፤ አንዱም ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ስለዚህ ሦስቱንም በአንድ ሰሞን አንጫንባቸው። ቁርኣኑን መጀመሪያ በጆሯቸው ይስሙ፤ ሐርፎቹን በየተራ እናስተምር። ኡስታዞችም ማብራሪያውን ልጁ በሚሰማው ቋንቋ ይስጡ። እናት አባት፣ በቤታችሁ ቋንቋ፣ ካፊ ኖኖም ሆነ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ፣ ማታ ማታ ተረት ንገሯቸው፤ የነቢያትን ታሪክ አጫውቷቸው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

አላህ ልጆቻችንን በዕውቀት ያሳድግልን። ወላሁ አዕለም።