የቫይማር ሪፐብሊክ፤ አዲስ ሕገ መንግሥት በአሮጌ መዋቅር ላይ

አንድ ሥርዓት ሲወድቅ ስሙና ሰንደቅ ዓላማው ፈጥነው ይለወጣሉ። ጠመንጃ የያዘው መኮንን፣ በችሎት የተሰየመው ዳኛ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የተቀመጠው ሹም ግን እንዲሁ በቀላሉ ከቦታቸው አይነሡም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት በጀርመን የተመሠረተው ሪፐብሊክ ገና ከጅምሩ ጽናት ያጣበት አንዱ ዐቢይ ምክንያት ይኸው ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ሽንፈቱ የማን ነበር? ሴፕቴምበር 29 ቀን 1918 በፊልድ ማርሻል ሂንደንቡርግና በጄኔራል ሉደንዶርፍ የሚመራው ከፍተኛ የጦር አዛዥነት ጦርነቱን ማሸነፍ እንደማይቻል አምኖ ተኩስ እንዲቆም በአስቸኳይ እንዲጠየቅ አሳሰበ። ሉደንዶርፍ ግን የሽንፈቱን ዕዳ መሸከም አልፈለገም። በፓርላማ ያሉት ፓርቲዎች ሥልጣን እንዲይዙና ዕዳውን እነርሱ እንዲከፍሉ ዘየደ። ስለሆነም ኖቬምበር 11 ቀን በኮምፒየኝ ጫካ የተኩስ አቁሙን ውል የፈረመውን ልዑክ የመራው ማቲያስ ኤርዝበርገር የተባለ የማዕከል ፓርቲ ሲቪል ፖለቲከኛ ሆነ። በዓመቱ ሂንደንቡርግ ከፓርላማው አጣሪ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ፣ ሠራዊቱ ከበስተኋላው በጩቤ እንደተወጋ አድርጎ መሰከረ። ጦርነቱን የመሩት ሰዎች ሰላም የፈረሙትን በክሕደት ከሰሱ። ይህ ሐሰት የሪፐብሊኩ የዕድሜ ልክ ቁስል ሆኖ ቀረ።

ለውጡን ያመጣው ግን የጄኔራሎቹ ዘዴ ብቻ አልነበረም። የባሕር ኃይል አዛዦች፣ ጦርነቱ ያበቃለት መሆኑ እየታወቀ፣ መርከቦቹ ለመጨረሻ ውጊያ እንዲወጡ ባዘዙ ጊዜ መርከበኞቹ እምቢ አሉ። በኖቬምበር መጀመሪያ በኪል ወደብ የተቀጣጠለው ዐመፅ በጥቂት ቀናት ውስጥ በመላው አገሪቱ ተዛመተ። የሠራተኞችና የወታደሮች ምክር ቤቶችም በየከተማው ተቋቋሙ። ኖቬምበር 9 ቀን የንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን መውረድ ተነገረ። በዚያው ዕለት ሶሻል ዴሞክራቱ ፊሊፕ ሻይደማን ከፓርላማው ሕንጻ መስኮት ሪፐብሊክ አወጀ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ደግሞ ካርል ሊብክኔኽት ከቤተ መንግሥቱ ሶሻሊስት ሪፐብሊክ አወጀ። በአንድ ቀን ሁለት ሪፐብሊኮች መታወጃቸው የሠራተኛው ጎራ ምን ያህል እንደተከፈለ ያሳያል።

የተገኘው ድል ቀላል አልነበረም። ዕድሜያቸው 20 ዓመት የሞላ ወንዶችና ሴቶች ሁሉ የመምረጥ መብት አገኙ። አሠሪዎች የሠራተኛ ማኅበራትን ዕውቅናና የ8 ሰዓት የሥራ ቀንን ተቀበሉ። ነገር ግን ኖቬምበር 10 ቀን የአዲሱ መንግሥት መሪ ፍሪድሪኽ ኤበርትና የሠራዊቱ መሪ ጄኔራል ግሮነር በስልክ ተስማሙ። ሠራዊቱ መንግሥቱን ሊደግፍ፣ መንግሥቱም የመኮንኖቹን አዛዥነት ሊያስከብርና ሥር ነቀሉን እንቅስቃሴ ሊገታ ቃል ተገባቡ። ኤበርትን ያስገደዱት ችግሮች እውነተኞች ነበሩ። በባሕር እገዳ ምክንያት ሕዝቡ ተርቧል። ሚሊዮን ወታደሮች ከግንባር መመለስ አለባቸው። የእርስ በርስ ጦርነትም ያሰጋል። ሥጋቱን ከንቱ ነበር አንልም። ዋጋው ግን ከባድ ሆነ።

በዲሴምበር በርሊን ላይ የተሰበሰበው የምክር ቤቶች ጉባዔ ለብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ እንዲደረግ በከፍተኛ ድምፅ ወሰነ። ያው ጉባዔ ሠራዊቱ ከሥሩ እንዲታደስም ጠየቀ። ምርጫው ተካሄደ፤ የሠራዊቱ መታደስ ግን ወደ ጎን ተተወ። በጃኑዋሪ 1919 በበርሊን የተነሣው ዐመፅ በመደበኛ ጦርና በቀድሞ መኮንኖች በሚመሩ ወዶ ዘማቾች ተደመሰሰ። ጃኑዋሪ 15 ቀን ሮዛ ሉክሰምቡርግና ካርል ሊብክኔኽት ተይዘው ተገደሉ። በሠራተኛው መካከል የፈሰሰው ይህ ደም ከዚያ ወዲያ አልደረቀም።

ከአራት ቀናት በኋላ በተደረገው ምርጫ ሪፐብሊኩን የደገፉት ሦስት ፓርቲዎች ከድምፁ ሦስት አራተኛ በላይ አገኙ። በርሊን ገና ስላልተረጋጋች ሸንጎው ፌብሩዋሪ 6 ቀን በቫይማር ከተማ ቴአትር ቤት ተሰበሰበ። በነሐሴ የጸናው ሕገ መንግሥት የመንግሥት ሥልጣን ሁሉ ከሕዝብ እንደሚመነጭ ደነገገ። ሆኖም በ48ኛው አንቀጽ ፕሬዚዳንቱ በአስጊ ጊዜ መሠረታዊ መብቶችን አግዶ በአዋጅ እንዲሠራ ፈቀደለት። ጁን 28 ቀን የተፈረመው የቬርሳይ ውልም ሠራዊቱን በ100,000 ሰው ወሰነ፤ ግዛት ቀነሰ፤ ካሣ ጫነ። የሕዝቡ ቁጣ ጦርነቱን በከፈቱት ላይ መሆን ሲገባው ውሉን ለመቀበል በተገደዱት ላይ ወረደ።

ፈተናው የመጣው በማርች 1920 ነበር። ቮልፍጋንግ ካፕና ጄኔራል ሉትቪትስ በኤርሃርት ብርጌድ በርሊንን ያዙ። መንግሥቱ የሠራዊቱን እርዳታ ቢጠይቅም እነጄኔራል ዜክት ወታደር በወታደር ላይ እንዲተኩስ ፈቃደኞች አልሆኑም። ሚኒስትሮቹ ዋና ከተማዋን ለቀው ሸሹ። ሪፐብሊኩን ያዳነው ሠርቶ አደሩ ነው። ማኅበራቱ ባወጁት አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ባቡሩ ቆመ፤ መብራቱ ጠፋ፤ ማተሚያ ቤቱ ዝም አለ። የካፕ መንግሥት ከ5 ቀናት በላይ አልቆየም።

ከዚያስ ምን ሆነ? በሩር አካባቢ መሣሪያ ያነሡ ሠራተኞችን ለመደምሰስ የተላከው ጦር ከሤራው ደጋፊዎች የነበሩ ክፍሎችን ጭምር የያዘ ነበር። ከሤራው መሪዎች መካከል በእስራት የተቀጣው አንድ ሰው ብቻ ሆነ። በጁን 1920 ምርጫ ሦስቱ ፓርቲዎች አብላጫቸውን አጡ፤ በዚያው ሪፐብሊክ መልሰው አላገኙትም። ኤርዝበርገር በ1921፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቫልተር ራቴናው በ1922 በቀኝ ጽንፈኞች ጥይት ወደቁ። በአገር ክሕደት በ1924 የ5 ዓመት እስራት የተፈረደበት ሂትለር በዚያው ዓመት ዲሴምበር ተለቀቀ። ሂንደንቡርግ በ1925 ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ጃኑዋሪ 30 ቀን 1933ም ሂትለርን ቻንስለር አድርጎ የሾመው እርሱ ነው። በወሩም በ48ኛው አንቀጽ መሠረት የዜጎች መብት ታገደ።

የ1923 የዋጋ ንረትና ከ1929 ወዲህ የደረሰው የኢኮኖሚ ቀውስ ለውድቀቱ ታላቅ ድርሻ እንደነበራቸው አይካድም። በ1933 መጀመሪያ 6 ሚሊዮን ያህል ሰው ሥራ አጥ ሆኖ ነበር። ሥራ የሌለው ሰው ሥራ ሊያቆም አይችልም። ሁለቱ የሠራተኛ ፓርቲዎችም እርስ በርሳቸው ተጠላልተው ነበር። ስለዚህም የ1920ው አድማ አልተደገመም። ሕገ መንግሥቱ በወረቀት ላይ እንዳለ ቀረ፤ ሊጠብቁት ይገባቸው የነበሩት ጦሩ፣ ችሎቱና ቢሮው ግን ቀድሞውንም የእርሱ አልነበሩም።