ጠጠሩን ከሥር አታንጥፉት

ክረምት ሲበረታ ጅማ ኪቶ ፉርዲሳ ወዳለው የችግኝ ቦታዬ የሚመጡ ደንበኞች ጥያቄ ይመሳሰላል፦ «ጋሼ፣ እሬቴ ከግርጌው ለሰለሰብኝ፤ ምን ልርጭበት?» የሚረጭ መድኃኒት አልሰጣቸውም። ተክሉን ከነአፈሩ ገልብጬ ሥሩን አሳያቸዋለሁ። ጠቁሯል፤ በሁለት ጣት ሲይዙት ልጣጩ ተንሸራቶ ይወልቃል፤ አፈሩም ይሸታል። ሥሩ አየር አጥቶ በስብሷል።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ከመጋቢት እስከ መስከረም ብዙም ፋታ የለም። እሬትና ቁልቋል ደግሞ ውሃ በማይቆምበት ድንጋያማ ቁልቁለት የለመዱ ናቸው። ለቡና ችግኝ የምንመርጠው የጫካ አፈርና የበሰበሰ የቡና ገለፈት እርጥበት አጥብቆ ስለሚይዝ ለብቻው አይሆናቸውም። ቀዩ አፈራችንም ማሳ ላይ ውሃ በደንብ ያሳልፋል፤ ቆፍረን ጣሳ ውስጥ ስንጠቀጥቀው ግን ፍርክስክሱ ይጠፋና ይደድራል።

እኔ የማዘጋጀው ሁለት እጅ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ የተነፋ የጫካ አፈር ነው። ሬድ አሹን ብሎኬት ከሚያመርቱ ሰዎች መጠየቅ ይቻላል። ከሽንብራ የሚተልቀውን አስወግዱ፤ የቀረውን በወንፊት ነፍታችሁ ውሃው እስኪጠራ እጠቡት። ማጠቡን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ያ ቀይ ብናኝ ግን ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። ለልስን የሚሆን ደቃቅ አሸዋም እንዲሁ አይጠቅምም።

አጥብቄ የምናገረው ስለ ጠጠሩ ነው። ውሃ እንዲያሳልፍ ተብሎ ከዕቃው ሥር ጠጠር ማንጠፍ የቆየ ልማድ ነው፤ ጥቅም ግን የለውም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ትልልቅ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ አፈሩ ጠግቦ እስኪሞላ ከጠጠሩ በላይ ይቆያል። ጠጠሩ በወሰደው ቦታ ልክ እርጥቡ ክፍል ወደ ተክሉ ሥር ይጠጋል። ጠጠር ካላችሁ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት፤ ከሥር የሚያስፈልገው ያልተደፈነ ቀዳዳ ብቻ ነው።

ድብልቁን አርጥባችሁ በእፍኝ ጭመቁት፤ እጃችሁን ስትከፍቱ መበተን አለበት። ቅርጹን ይዞ ከቀረ ሬድ አሽ ጨምሩ።

አፈር መቀየር ካሰባችሁ በታኅሣሥ ወይም በጥር አድርጉት። ከቀየራችሁ በኋላም የተቆረጠው ሥር እንዲደርቅ ሳምንት ያህል ውሃ አታጠጡ፤ ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ ዕቃውን ከጣሪያ ጠርዝ በታች አስገቡት።