የስኪም ኮምፓይለር፦ ስሞችና በኮድ ውስጥ የተካተቱ ኦብጀክቶች

ስኪም ጋይ ስቲል እና ጄራልድ ሰስማን እ.ኤ.አ. በ1975 በኤምአይቲ የፈጠሩት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በስኪም አንድ ፈንክሽን ሌላውን ወልዶ ሥራውን ቢጨርስም፣ የተወለደው በተጻፈበት ቦታ የሚታወቁትን ስሞች ከነእሴታቸው ይዞ ይኖራል። ጥሩ ኮምፓይለር ግን ሁሉንም አያሸክመውም፤ የሚያስፈልጉትን ብቻ መርጦ ከኮዱ አድራሻ ጋር ያስራል። ፕሮግራሙ ሲሠራ እነዚህ እሴቶች በስም አይፈለጉም፤ በቦታ ቁጥራቸው ይነሳሉ። የአንድ ስም እሴት በኋላ የሚቀየር ከሆነ ግን ቅጂ መያዝ ስለሚያሳስት፣ ሁሉም የሚጋሩት አንድ የሜሞሪ ቦታ ይመደብለታል።

በኮዱ ውስጥ የተካተተ ኦብጀክት፣ ለምሳሌ ቋሚ ዝርዝር፣ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል፦ ኮዱ ሲሠራ ኦብጀክቱን እንዴት ያገኘዋል? ኮዱ እዚያው ሜሞሪ ላይ ከተዘጋጀ ኦብጀክቱን ማመልከት ይበቃል። ወደ ፋይል ከተጻፈ ግን አድራሻው ዋጋ ያጣል፤ ይዘቱ ተጽፎ ፋይሉ ሲጫን እንደገና ይገነባል። ቁጥርና ጽሑፍ በዚህ መንገድ በቀላሉ ያልፋሉ፤ የተከፈተ ፋይል ግን አያልፍም።