ልጁ ቤት ቀየረ፤ ቀለቡስ?

ጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ልጆች ከናጋድ ባቡር ተሳፍረው ድሬዳዋ ይወርዳሉ። አገር ቤት ያሉ አባቶች ጥያቄም ያኔ ይበዛል፦ «ልጁ ሁለት ወር እኔ ጋ ነው፤ ለምን ቀለብ እቆርጣለሁ?»

ፍርድ ቤት የወሰነው ቀለብ ፍርድ ቤት እስኪለውጠው ድረስ ይጸናል። ደግሞ ልጁ ለእረፍት ሄደ ተብሎ እናቱ ኪራይ አይቀርላትም። በእኔ እምነት የክረምት እንግድነት አሳዳጊነትን የለወጠ ነገር አይደለም።

ልጁ ጓዙን ጠቅልሎ አባቱ ጋ ከገባ ግን ሌላ ነው። ፍቺው ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ ከተወሰነ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ በዚህ ሕግ አንቀጽ 113 መሠረት ሁኔታዎች ከተለወጡ የልጅ አያያዝ ውሳኔ እንደገና ይታያል። አሳዳጊነቱንና ቀለቡን አንድ ላይ አቅርቡ። በሽማግሌ ፊት ከተስማማችሁም ስምምነቱን ፍርድ ቤት አስገብታችሁ አጽድቁት፤ የቃል ስምምነት ጠብ ሲነሳ ይካዳል።

ሕጋችን «ይህን ያህል ቀን ካደረ ይህን ያህል ፐርሰንት» የሚል ሰንጠረዥ የለውም። የሚመዘነው የልጁ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ነው። ስለዚህ ልጁ ቤት ባይቀይርም ቀለብ ሊሻሻል ይችላል። የብሩን ነገር እዩት። ከሐምሌ 2016 በፊት 4,000 ብር በባንክ ምንዛሪ 12,000 የጅቡቲ ፍራንክ ያልፍ ነበር፤ ዛሬ 6,000ም አይሞላም። ፍራንኩ ከዶላር ጋር እንደታሰረ ነው፣ የወረደው ብሩ ነው። ልጇን እዚህ ጅቡቲ የምታሳድግ እናት ይጨመርልኝ ብትል በቂ ምክንያት አላት። አባትየውም ደመወዙ በብር መሆኑን ማስረዳት ይችላል፤ ዳኛው ሁለቱንም ይመዝናል።

ለዚህ አገር ቤት መመላለስ ግድ አይደለም። ኤምባሲያችን ውክልና ታረጋግጣላችሁ፣ ውክልናው አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል፣ ወኪል ይከራከራል። የትምህርት ቤት ደረሰኝና የኪራይ ውል ፈረንሳይኛ ስለሆኑ አስተርጉሟቸው።

እዚሁ በጅቡቲ ሕግ ተጋብታችሁ የተፋታችሁ ሙስሊሞች መንገዳችሁ ሌላ ነው፦ የ2002 (እ.ኤ.አ.) የጅቡቲ የቤተሰብ ሕግና የግል ሁኔታ ፍርድ ቤቱ።

በአገር ቤት ፍርድ ቀለብ የምትጠብቁ እናቶች፣ ውዝፍ አታከማቹ። በኢትዮጵያ ሕግ፣ ለኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልታየ በቀር በ3 ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀሪ ይሆናል።